ጋሼ ቶሎሳ ቼናይ ላይ የተረጎሙት ፊልም

ልደታ ውስጥ ሕንድ ደርሶ የተመለሰ ሰው ካገኛችሁ፣ ወይ ታክሞ ነው ወይ አስታሞ። ለሽርሽር የሄደ እስካሁን አልገጠመኝም። እኔም የሄድኩት አስታማሚ ሆኜ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ዝሆንና ቤተ መንግሥት የሚጠብቅ ካለ ከወዲሁ ይቅር ይበለኝ። ያየሁት አንድ ሆስፒታል፣ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ የአንዲት ሴት ወጥ ቤትና አንድ ሲኒማ ቤት ነው።

የታመሙት የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ቶሎሳ ናቸው። ጋሼ ቶሎሳ የኖሩት በድምፃቸው ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት አብነት ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ከኋላ አግዳሚ ወንበሮች፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክሮፎን የያዙ ጋሼ ቶሎሳ። ፊልሙ የሕንድም ይሁን የአሜሪካ፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጉና በአማርኛ ይተርኩታል፤ የወንዱም፣ የሴቷም፣ የውሻውም ድምፅ እሳቸው ናቸው። ሕንድኛ አይችሉም። እንግሊዝኛቸውም ከሰላምታ አያልፍም። የሚተረጉሙት ያዩትን ነበር። ዋናውን ሰው «አክተሩ» ይሉታል። አክተሩ ተደብድቦ ሲወድቅ ቤቱ ጭጭ ካለ፣ ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው ጠጋ አድርገው «አይዟችሁ፣ አክተር አይሞትም» ይላሉ አሉ።

ቪዲዮ ቤቶቹ ሲዘጉ ድምፃቸው ጎዳና ወጣ። ሞንታርቦ በጫነች አሮጌ መኪና ከጠመንጃ ያዥ እስከ ሜክሲኮ እየዞሩ የጫማ ቅናሽ፣ የጠፋ ሰው፣ አዲስ የተከፈተ ሥጋ ቤት ያስተዋውቁ ነበር። ዓምና ያ ድምፅ ሻከረ። ጉንፋን ነው ተባለ፤ ዝንጅብል ተጠጣ፤ አልለቀቀም። በመጨረሻ እባጭ መሆኑ ታወቀና ሰፈሩና ዘመዱ ተባብሮ ቼናይ ወደምትባል የደቡብ ሕንድ ከተማ ሲልካቸው፣ እንግሊዝኛ ትችላለች ተብዬ አብሬ ተላክሁ። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ሜክሲኮ አስፋልት ዳር ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት ነው። አብዛኞቹ የፊት ገጻቸው የተገነጠለ ስለነበር መጨረሻቸውን እንጂ መጀመሪያቸውን የማላውቃቸው ታሪኮች ብዙ ናቸው።

እሑድ

የተነሣነው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ሊሸኘን የመጣው ጎረቤት ሚኒባሱን ስለሞላው ሻንጣችን በሰው ጭን ላይ ነው ቦሌ የደረሰው። ሁሉም ጋሼ ቶሎሳን ማናገር ፈለገ። ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ፣ መልሱን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነገር ሁሉ ይጠይቃቸዋል። ከመሃላቸው ሁለቱ ስልካቸውን አውጥተው መቅረጽ ሲጀምሩ፣ ጋሼ ቶሎሳ «ለቀብሬ ነው የምትቀርጹኝ?» አሏቸው። ስልኮቹ ወደ ኪስ ተመለሱ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከፊታችን የተቀመጠ ሰው ፊልም ያያል። ድምፁ ጆሮው ላይ ስለተሰካ እኛ ጋ አይደርስም። ጋሼ ቶሎሳ በሁለቱ ወንበሮች መሃል አጮልቀው ሲያዩ ቆዩ። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚሰማቸው የለም፤ እሳቸው ግን እየተረጎሙ ነበር።

ሰኞ

ከቼናይ አየር ማረፊያ የወጣነው በማስነጠስ ነው። ፈታሹ የእናቴን በርበሬ ከፍቶ አሸተተና እሱም፣ ጎረቤቱም፣ ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎችም አስነጠሱ። ተቆጥቶ ይወስደዋል ብዬ ስፈራ፣ ዓይኑን እየጠረገ ከረጢቱን በጥንቃቄ ቋጥሮ መለሰልኝና ከምን እንደሚበላ ጠየቀኝ። የራሳቸው በርበሬ ከዚህ እንደሚብስ ነገረኝ። አልዋሸም፤ ማታውኑ ቀመስኩት።

ውጭ ስንወጣ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጋቢ ተከናነበን። ሊቀበለን የመጣው ሙሩገን የሚባል፣ ጢሙን ያሰማመረ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ የምናርፍበት ቤት ባለቤት ወንድም። እኛ ባጃጅ የምንላትን እነሱ በሌላ ስም ይጠሯታል፤ ቀለሟም ቢጫ ነው። ጋሼ ቶሎሳ ከመሳፈራቸው በፊት ጎኗን መታ መታ አድርገው «አገርሽ እዚህ ነው ለካ» አሏት። ሙሩገን ምን እንዳሉ ሲሰማ በሳቅ ወደቀ፤ እስከ ቤት ድረስ ለሌሎች ሹፌሮች በመስኮት እየጮኸ ነገራቸው።

የማረፊያው ባለቤት ሰልቪ ትባላለች። እድሜዋ ከእናቴ ጋር የሚቀራረብ፣ ፀጉሯ ላይ ነጭ አበባ የምትሰካ፣ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ያነሰ ቢሆንም በእጇ ብዙ የምትናገር ሴት ናት። እኛ ለዓውደ ዓመት ቄጤማ እንደምንጎዘጉዘው፣ እሷ በየማለዳው ደጇ ላይ በነጭ ዱቄት አበባ ትሥላለች። ጋሼ ቶሎሳ ሥዕሉን ላለመርገጥ ዘለው አለፉ፤ በእጃቸው የሚጎተተው ሻንጣ ግን ከዳር እስከ ዳር አረሰው። ደንግጠው ቆሙ። ሰልቪ እየሳቀች ከነገረችን የገባኝ ይህ ነው፦ ሊረገጥ ነው የሚሣለው፤ ነገ ሌላ አለ።

ምሳችን በሙዝ ቅጠል ላይ ቀረበ። ዶሳ የሚሉት ቂጣ የእንጀራ የሩቅ ዘመድ ይመስላል፤ ኮምጠጥ ይላል፣ ዓይን ግን የለውም። ቤቷ ውስጥ ሥጋ አይገባም። ጋሼ ቶሎሳ በአክብሮት «ጾመኞች ናቸው» አሉኝ። ጥቂት ቆይታ ሩዛቸው ላይ እርጎ ስታፈስበት አተኩረው አዩና «ኧረ አልጾሙም» አሉ።

ማክሰኞ

እዚህ ላይ እቤት ሳለሁ አስቤው የማላውቀውን ነገር ልናገር። እኛ አዎ ለማለት አፋችንን አንከፍትም። ትንፋሻችንን አጠር አድርገን ወደ ውስጥ እንስባለን፤ በቃ። ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ ደጃፍ፣ ለቅሶ ቤት፣ ውለን እስክንገባ እናደርገዋለን።

የሆስፒታሉ ነርስ ሲውጡ ያምዎታል ወይ ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩ። ጋሼ ቶሎሳ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። ነርሷ ቀና አለች። ክብደት ቀንሰዋል? ሳብ። ያስልዎታል? ሳብ። ወረቀቷን ጥላ እየሮጠች ወጣች። እኔ ምን እንዳጠፋን ሳሰላስል ከሁለት ሰዎች ጋር ባለ ጎማ ኦክስጅን እየገፋች ተመለሰችና አፍና አፍንጫቸው ላይ ጭምብል ገጠመችላቸው። ደንግጬ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አልኳቸው። ከጭምብሉ ሥር ሆነው በሰላም መለሱልኝ፦ ሳብ። ኦክስጅኑን ጨመሩላቸው።

ሐኪሟ መጥታ ነገሩን ሳስረዳት ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። ቀጠን ያለች፣ እሷም እንደ ሰልቪ አበባ የሰካች ሴት ናት። ራሷ ሁለት ጊዜ ሞከረችው፤ ጋሼ ቶሎሳ እንደ አስተማሪ አዳምጠው የሁለተኛውን አጸደቁላት። ከዚያ ወደ ሥራዋ ገባች፤ በቀጭን ካሜራ ጉሮሯቸውን አየች፤ ናሙና ወሰደች። ውጤቱ ሐሙስ ነው፤ እስከዚያ አንድም ቃል እንዳይናገሩ አለች።

ረቡዕ

ጋሼ ቶሎሳ ዝም ሲሉ ቤቱ የጠበበ መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጠው ጎዳናውን አዩ። ቼናይ እንደ መርካቶ ትጮሃለች፤ ልዩነቱ እዚህ ጩኸቱ ውስጥ ላሞች ይተኛሉ።

ማረፊያው ውስጥ ሌላ ኢትዮጵያዊት ነበረች። ዘሀራ ትባላለች፤ ባለቤቷ ጀርባውን ታክሞ ሆስፒታል ተኝቶላታል። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው አብነት ጨርቅ የሚነግዱ፣ እሷም እዚያው ተወልዳ እዚያው ያገባች ናት። ከቤታችን በእግር ደርሶ መልስ የሆነ ሰው ለማግኘት ባሕር መሻገራችን አስቆናል። ስለ ጋሼ ቶሎሳ ሥራ ስነግራት ግን ሳቋን አቆመች።

«ከቪዲዮ ቤቱ ጀርባ ነበር እኮ ቤታችን» አለች። «አባቴ አያስገባኝም ነበር። ግን ቆርቆሮ ምን ይከለክላል? አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ስንቱን ፊልም በጆሮዬ አየሁት። የአንዱንም አክተር መልክ አላውቅም።»

ጋሼ ቶሎሳ መናገር ስለተከለከሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉላት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ፤ ለረጅም ጊዜም አልዞሩም።

ሐሙስ

ሐኪሟ ብዙ ተናገረች። እባጩ የድምፅ ሣጥኑ ውስጥ ዘልቋል። ጨረር ብቻውን ጊዜው አልፎበታል። ሣጥኑ በሙሉ መውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ የሚተነፍሱት አንገታቸው ሥር በሚከፈት ቀዳዳ ነው። በዚህ ድምፅ ዳግመኛ አይናገሩም፤ ወደፊት በመሣሪያ ሌላ ዓይነት ድምፅ መልመድ ይቻል ይሆናል፣ እሱም ለሁሉም አይሳካም። ካልተሠራ ግን የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። አልጋ የተያዘው ለሰኞ ስለሆነ ቅዳሜ ይወስኑ።

ወደ ጋሼ ቶሎሳ ዞርኩና «ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ትላለች» አልኳቸው።

አዩኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ የመጀመሪያ ንግግራቸው ይህ ነበር፦ «ይህን ሁሉ አውርታ አንቺ አራት ቃል? እኔ እንዲህ ብተረጉም ወንበር ይወረወርብኝ ነበር።»

ዓይኔን ወደ ሐኪሟ መለስኩ።

«ሃዊ፣ ሙሉውን ንገሪኝ። ያለችውን አታስቀሪ፣ ያላለችውን አትጨምሪ። መጨመር የእኔ ሥራ ነው።»

ነገርኳቸው። ስለ ቀዳዳው ስናገር በእጄ የራሴን አንገት ይዤ ነበር፤ ሐኪሟ እጄን ቀስ አድርጋ አወረደችው። ጋሼ ቶሎሳ እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ አመሰግናለሁ በያት አሉኝ፤ ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ። ባጃጅ ውስጥ እንደገባን የመመለሻ ቲኬታችንን ቀን እንዳስቀድም አዘዙኝ። ስከራከር አቋረጡኝ፦ «እኔ ማለት ምንድነኝ? ይህ ድምፅ ነኝ። እሱን እዚህ ቀብሬ ልደታ የማን ሬሳ ሆኜ ልግባ? ድምፄን ይዤ እሄዳለሁ፤ እስከሚበቃው ይናገራል።»

ማታ ሰልቪ ያቀረበችውን ሩዝ ሁለታችንም ነካክተን ተውነው። እሷም ሙዝ ልጣ በየሰሃናችን አስቀመጠችና አጠገባችን ቁጭ አለች።

ዓርብ

ፊልሙ የሙሩገን ሐሳብ ነበር። ዓርብ አዲስ ፊልም የሚወጣበት ቀን ነው፤ የሚወጣው ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ የልዕለ ኃያል ጀግና ታሪክ ነው፣ ጀግናው ጀግና ከመሆኑ በፊት ምን እንደነበር የሚያሳይ። በታሚልኛ ይናገራል። ሲኒማ ቤቱ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ጋሼ ቶሎሳ ከሁሉም የመጨረሻውን ምክንያት ተቀበሉ። ዘሀራም ባለቤቷ ከሰዓት ስለሚተኛ መጣች።

ከበሩ ጀምሮ ግራ ገባን። ልደታ ፊልም ማለት ተቀምጦ ማየት ነው፤ እዚህ ግን ከበሮ ይመታል፤ ወጣቶች ፖስተሩ ሥር ይጨፍራሉ። በፖስተሩ ላይ የአሜሪካዊው ፊት አለ፤ ጽሑፉ ግን በታሚል ፊደል ነው። የእኛ ፊደል እግር አለው፣ ይቆማል፤ የእነሱ ክብ ክብ ሆኖ የሚንከባለል ይመስላል። ገብተን እንደተቀመጥን መብራቱ ሲጠፋ ፉጨቱ ጣሪያውን አነሣው፤ ከላይ የተቆራረጠ ወረቀት ዘነበብን። ጋሼ ቶሎሳ ከኮፍያቸው ላይ ወረቀት እየለቀሙ «ይህ ነው ተመልካች» አሉ።

አክተሩ በአንድ ትልቅ ከተማ ሊፍት ይጠግናል። አፉ ሲከፈት የሚወጣው ታሚልኛ ነው። የፖሊሱም፣ የጋዜጣ ሻጯም፣ የባለ ፎቁ ክፉ ሀብታምም እንደዚያው። ከንፈሩ ይቀድማል፣ ቃሉ ይከተላል፤ ከንፈሩ ተዘግቶም ቃሉ ይቀጥላል። ለእኔ ይህ እረፍት የሚነሳ ነገር ነበር። ሕዝቡ ግን ከቁብ አልቆጠረውም።

ዘሀራ ወደ ጋሼ ቶሎሳ ዘንበል አለች። «ጋሽ ቶሎሳ፣ እንግዲህ ዛሬ እያየሁ ይተርጉሙልኝ።»

እምቢ የሚሉ መስሎኝ ነበር። ጉሮሯቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ማያ ገጹን አዩ፤ ጀመሩ። ያ ሻካራ ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ ግን የድሮ ቦታውን እንደሚያውቅ ሰው ገባ። «ይህ ልጅ እናቱን የሚጦር ምስኪን ነው። ሥራው ሊፍት ነው። እኛ ሰፈር ቢመጣ በረሃብ ያልቃል፤ ኮንዶሚኒየማችን ሊፍት የለው።» ዘሀራ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ሀብታሙ ሲገባ ድምፃቸው ወፍራም ሆነ፤ የአክተሩ እናት ስትገባ ለሰለሰ። ሊፍቱ ተበጥሶ አክተሩ ከፎቁ ሥር የተደበቀ ማሽን ላይ ሲወድቅና ዘሀራ ክንዴን ስትጨመድድ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «አይዞሽ፣ አክተር አይሞትም» አሏት። ዞር ብዬ ሳያት ፊቷ ላይ እንባ ነበር፤ ፊልሙ ገና የሚያስለቅስ ቦታ አልደረሰም።

ከዚያ አደጋ በኋላ አክተሩ የነካው ነገር ሁሉ ክብደቱን ያጣል። አውቶቡስ በእጁ እንደ ላባ ይሆንለታል። የተወሰደው ክብደት ግን የትም አይጠፋም፤ እሱ ውስጥ ይገባል፤ ጉልበቱ ይብረከረካል። ይህን ጋሼ ቶሎሳ ከእኔ ቀድመው ነው የተረዱት።

እዚያ አገር ፊልሙን መሃል ላይ አቁመው ሰውን ለሻይ ያስወጡታል። ሻይና ሳምቡሳ ይዘን ተመለስን። ሁለተኛው ክፍል ተጀመረ፤ ሀብታሙ ትልቁን ድልድይ አናጋው፤ ባቡሩ ሊወድቅ ነው። ጋሼ ቶሎሳ «አሁን አክተሩ ድልድዩን…» ብለው መብራት እንደሄደበት ቴሌቪዥን ቀጥ አሉ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እንደገና ሞከሩ። ትንፋሽ ብቻ።

ዘሀራ ዓይኗን ከማያው ሳትነቅል «ከዚያስ?» አለች።

ጋሼ ቶሎሳ ጉልበቴን መቱ፤ ቀጥዪ ማለታቸው ነው። ቀጠልኩ፤ ማለትም ሞከርኩ። እንግሊዝኛውን ከአክተሩ ከንፈር ላይ ለማንበብ አፈጠጥኩ። አንድ ቃል ሳገኝ ሦስት ያመልጠኛል። ዘሀራ መቁነጥነጥ ጀመረች። ያኔ ጆሮዬ ሥር ድምፅ የሌለው ትንፋሽ መጣ፦

«አፉን ተዪው፤ አፉ የእሱ አይደለም። ዓይኑን እዪ።»

ከዚያ አንጓዬን ያዙ። ሲጫኑ እናገራለሁ፤ ሲያላሉ ዝም እላለሁ። መጀመሪያ የገረመኝ ዝም የሚያሰኙኝ ቦታ ብዛት ነው። እኔ ግጥም ስጽፍ ባዶ ቦታ ያስፈራኛል፤ እሞላዋለሁ። እሳቸው ግን አክተሩ እናቱን ሲያይ እጄን ለቀቁት፤ ዝም አልኩ፤ ዘሀራ በዚያ ዝምታ ውስጥ የራሷን ቃል ስታስገባ ተሰማኝ። ባቡሩ ሲንሸራተት ደጋግመው ተጫኑ፤ ፈጠንኩ። አክተሩ የባቡሩን ክብደት ሁሉ ወስዶ በጉልበቱ ሲወድቅ፣ ሲኒማ ቤቱ በሙሉ ቆመ፤ ጣቶቻቸው አጥንቴ ድረስ ገቡ። ምን እንደሚፈልጉ አወቅሁ። «አይዟችሁ፣ አክተር አይሞትም» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ በዚያ ፉጨት መሃል የሰሙኝ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ስንወጣ ጋሼ ቶሎሳ ፖስተሩ ሥር ቆሙ። ትንሽ ድምፅ ተመልሶላቸዋል። የአክተሩ ድምፅ የራሱ መሆኑን ሙሩገንን እንድጠይቅ አዘዙኝ። ሙሩገን ሳቀ፤ የራሱማ እንዴት ይሆናል፤ የዚሁ ከተማ ሰው ነው የሚናገርለት።

«ሳቁስ?» አሉ። ሳቁም። «ጩኸቱስ? ሲያለቅስስ?» ሁሉም የዚህ ሰው ነው። «ሕዝቡ ይህን ያውቃል?»

ሙሩገን አንገቱን እንደ አገሩ ሰው ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ፤ ይህ ውዝዋዜ አዎ መሆኑን ያን ጊዜ ለምደነዋል። ማን የማያውቅ አለ፣ ግን አክተሩ አክተሩ ነው፣ አለ።

ቤት ገባን። ሰልቪ ዶሳ ስታቀርብ አንዱን አነሡ፤ ሳይቆርሱ ያዙት።

«ድምፁን ከነሳቁ ወስደውበታል» አሉ። «ሕዝቡ ግን ቆሞ ያፏጨው ለእሱ ነው።»

ዶሳውን ቆረሱ። ሲጨርሱ ሌላ ጠየቁ። ከዚያ እኔን ሳያዩ «ያን ቲኬት ተዪው» አሉኝ።

ቅዳሜ

ሐኪሟ ሁሉንም ከመጀመሪያው አስረዳች፤ እኔም ሳላስቀር ሳልጨምር ተረጎምኩ። ጋሼ ቶሎሳ ጥያቄ እንዳላቸው ጠየቀች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ማፏጨት እችላለሁ ወይ አሉ። አይችሉም አለች፤ ትንፋሹ በአፍ አይወጣም። ማጨብጨብስ? ሐኪሟ ሳቅ አለች፤ የፈለጉትን ያህል።

«እንግዲያው ተስማምተዋል?»

ጋሼ ቶሎሳ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ነርሷ ወደ ኦክስጅኑ ተነሣች። ሐኪሟ ክንዷን ያዘቻትና በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር አለቻት፤ ነርሷ እያፈረች ተመልሳ ተቀመጠች።

ሰኞ

በዋዜማው እሑድ ልደታ ደውለው ከሁሉም ጋር ተነጋግረዋል፤ ስለዚያ አልጽፍም፣ የእነሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት በአልጋ ሲገፉ ዘሀራ እስከ በሩ አብራን ሄደች። ቀዶ ጥገናው ክፍል ደጃፍ ላይ አንዲት ነርስ እንደ ደንባቸው የበሽተኛውን ስም ከራሱ አፍ ለመስማት ጠየቀች። ጋሼ ቶሎሳ በክርናቸው ቀና አሉ። የቀራቸውን ድምፅ ሁሉ አወጡት፤ ሻካራ ነው፣ ይሰነጠቃል፣ ግን ከሜክሲኮ አደባባይ ጠመንጃ ያዥ የሚደርሰው የሞንታርቦው ድምፅ ነው።

«ቶሎሳ ዋቅጅራ። ከልደታ፣ አዲስ አበባ።»

በኮሪደሩ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ዞሩ። በሩ ተዘጋ።

ሰልቪ ባለ ብዙ ደርብ ምሳ ዕቃ ይዛ መጣች፤ ልክ እኛ አገር ሆስፒታል እንደሚያዘው ዓይነት ነው። አድርሳ ልትመለስ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ዘሀራ በአንድ ጎኔ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች፣ ሰልቪ በሌላው ትደግማለች፣ እኔ መሃላቸው ለልደታ ማርያም እነግራለሁ። ፀሐዩ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ዞረ። ሐኪሟ ስትወጣ አበባዋ ጠውልጎ ነበር፤ ፊቷ ግን ደህና ነበር። ዘሀራ ሳልተረጉምላት ገባት። «አላልኩሽም? አክተር እኮ ነው» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

መልስ

ቁስሉ እስኪደርቅ ብዙ ሰነበትን። ስንሰናበት ሰልቪ ደጇ ላይ ከወትሮው የሰፋ አበባ ሥላ ነበር። ጋሼ ቶሎሳ በዚህ ጊዜ አልዘለሉም፤ እንደሚገባው ረግጠውት ወጡ። ሙሩገን ስናልፍ ፉጨቱን ለቀቀው። እሳቸው አጨበጨቡለት።

ልደታ የደረስነው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቤቱ ሞልቶ፣ ያልገባው ደጅ ወንበር ይዞ ይጠብቃል። ጋሼ ቶሎሳ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ አንገታቸው ሥር፣ ሰልቪ የሰፋችላቸው ስስ ነጭ ጨርቅ ቀዳዳውን ሸፍኖ ተንጠልጥሏል። ሰዉ ይስማቸዋል፤ ከዚያ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ያጣል። ሁሉም ጥያቄውን ለእኔ ያቀርባል። በልተዋል? ያማቸዋል? ቅዝቃዜ ይከለከላሉ? እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እያሉ እንደሌሉ ሆኑ። እኔም መልስ መስጠት ቀጠልኩ፤ ጎኔ ያሉት ጋሼ ቶሎሳ ትከሻቸው እየወረደ ሲሄድ አየሁና ዝም አልኩ።

ዝምታው ረዘመ። ልሞላው ፈለግሁ፤ አንጓዬ ላይ የማንም ጣት አልነበረም፣ ግን ጠበቅሁ።

ከጥግ ያሉት የድሮው የሞንታርቦ መኪና ሹፌር ጋሽ ደምሴ ናቸው ያቋረጡት። ወደ እኔ አላዩም፤ ቀጥታ ወደ እሳቸው ነው የዞሩት።

«ቶሎሳ፣ ሲኒማ ገባ አሉኝ። ያ የሕንዶቹ ሲኒማ፣ እውነት እንደሚባለው ሰው ቆሞ የሚያፏጭበት ነው?»

ጋሼ ቶሎሳ ቀና አሉ። አፋቸው አልተንቀሳቀሰም። ነጩ ጨርቅ አንዴ፣ አጠር ብሎ፣ ወደ ውስጥ ሳብ አለ።

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ተርጉሚልን ያለኝ ሰው አልነበረም።